የአዲስ አበባ እናት አንኮበር ትባላለች

የነገሥታት ከተማ ጥሩ ብትባሉ አፋችሁ ላይ ቀድመው የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። ልክ ናችሁ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። በደብተር ሽፋን፣ በፖስተር፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ እያየናቸው ያደግነው እነሱን ነው። ድንጋያቸው ይናገራል፤ ፎቶም ያምርባቸዋል። ዛሬ የምናወራላችሁ ከተማ ግን እንደነሱ ለፎቶ አትመችም። ቤተ መንግሥቷ የለም፤ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። ይሁን እንጂ የምንኖርባት አዲስ አበባ የተፀነሰችው እዚያ ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ስንወጣ ላምበረት መናኸሪያ አለ አይደል? ረዳቶች «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያሉ የሚጣሩበት? ያንን መንገድ ይዛችሁ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ የምትደርሱት አንኮበር ነው።

የምንለው ነገር አጭር ነው። አንኮበርን የነገሥታት ከተማ ያደረጓት ነገሥታቱ ብቻ አይደሉም። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ጨው ተሸክሞ ቆላውን ያቋረጠው ነጋዴ ጭምር ናቸው። ነገሥታቱ ከተማዋን ትተው ሄዱ፤ አዳራሹ ፈረሰ። እስከ ዛሬ ያልፈረሰው የእነዚያ ሰዎች ሙያ ነው። እሱም ቢሆን እየሳሳ ነው። (ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልናቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው

እስቲ ከላምበረት እንነሳ። ኮተቤ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ እያልን ሸኖ እንደርሳለን። ሸኖን የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ የእናቱን ጓዳ ይጠይቅ! የአዲስ አበባ ቅቤ ነጋዴ ሁሉ፣ ቅቤው ከየትም ይምጣ ከየት፣ «የሸኖ ለጋ ነው» ብሎ ይምላል። ከሸኖ ቀጥሎ ጫጫ ነው። በዚሁ አካባቢ አንጎለላ የምትባል ቦታ አለች። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ ይቀመጡባት የነበረች ከተማቸው ናት። በ1844 ሣህለ ማርያም የተባለ ሕፃን የተወለደውም እዚያ ነው። ኋላ ዓለም ያወቀው ምኒልክ በሚለው ስም ነው።

ከላምበረት 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን አለች። እሷም ራሷ የነገሥታት ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በ1456 በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ስሙን አወጡላት። ብርሃኑን በዚያው ዓመት ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ያኔ ንጉሥ ማለት ድንኳን ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከብቱና ሠራዊቱ ግጦሽና ቀለብ እየተከተለ ይዞራል። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከዘመናቸው ልማድ ወጥተው በደብረ ብርሃን ለዓመታት ተቀመጡ። በእኛ ቤት ደብረ ብርሃን የምትታወቀው ደግሞ በብርድ ልብስ ነው። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1965 ነው። ፋብሪካው የመጣው ግን አገሩ ሱፍ መሥራት ከጀመረ ብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ብርድ። ከዚያ ሳታስቡት መሬቱ ያልቃል። ፊት ለፊታችሁ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ቆላው ተዘርግቶ እስከ አዋሽ በረሃ ይሄዳል። አንኮበር የተቀመጠችው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

በር የሆነች ከተማ

ስሟ ነገሩን ይነግረናል። የ«አንኮ» በር ናት፤ አንኮ በአካባቢው አፈ ታሪክ በጥንት ዘመን ቦታውን ትገዛ የነበረች ሴት ናት። «በር» የሚለው ግን አፈ ታሪክ አያስፈልገውም፤ ቦታው በር ነው። ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከባሕር ወደ መሀል አገር የሚወጣው ሁሉ በዚያ ያልፋል። በሩን የያዘ ሰው ቀረጡንም፣ ወሬውንም፣ ጠመንጃውንም ይይዛል ማለት ነው። የሸዋ ገዢዎች ይህ ገብቷቸው ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጓት። ከእሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ መጡ። ጎንደር ላይ መሳፍንት እርስ በርስ ሲናጩ፣ ሸዋ እዚህ ጠርዝ ላይ ሆና ቤቷን ትሠራ ነበር።

ከተማዋ ከፍ ያለችው በሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) ነው። ቤተ መንግሥቱ ሾጣጣ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ዙሪያውን በእንጨት አጥር የተከበበ፣ ቤቶቹም የእንጨትና የሣር ክዳን። ኮረብታውንና ሸንተረሩን ተከትለው አብያተ ክርስቲያናት ቆሙ፤ ማርያም፣ ሚካኤል፣ መድኃኔ ዓለም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት። ፈረንጆችም መምጣት ጀመሩ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1839 ደረሰ። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ከነጓዙ መጥቶ በኅዳር ወር የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። ከስጦታዎቹ መካከል ጠመንጃ፣ መድፍና የሙዚቃ ሳጥን ነበሩበት። ፈረንሳዮቹም በ1843 የራሳቸውን ውል አገኙ። ንጉሡ ግን ከፈረንጅ ዋናው ፍላጎታቸው ስብከት አልነበረም፤ የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ነበር።

አሁን ከከተማዋ ወደ ታች እንውረድ። ከአንኮበር ግርጌ ዓልዩ አምባ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ከታጁራ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ የሚያራግፈው እዚያ ነበር። ግመል ገደል አይወጣምና ከዚያ በኋላ ጭነቱ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለሰው ጀርባ ነው። አሞሌ ጨው ይመጣል፤ ያኔ አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ቡና፣ እህል፣ ጥጥና ሸማ ይገበያያል። የከተማዋ ሰዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ከእነሱም አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ቆላውን የሚያስተዳድሩት በሙስሊም ሹም በወላስማ መሐመድ በኩል ነበር። የደጋው ቤተ መንግሥት ያለ ቆላው ገበያ፣ የቆላው ገበያም ያለ ደጋው ቤተ መንግሥት አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ ግን ታሪክን አሳምረን ብቻ እንዳንነግራችሁ። ከዓልዩ አምባ አጠገብ ዐብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። የሚሸጠው ሰው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ልጆችና ሴቶች ተነድተው መጥተው፣ እዚያ ተሸጠው፣ በዚያው የጨው መንገድ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ጎንጮ በሚባል ተራራ ላይ ደግሞ ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ የተባሉ የንጉሡ ወንድሞች ሳይቀሩ ታስረው የኖሩበት ወህኒ ነበር። የጠባቂው ስም? እላይ የጠቀስናቸው ወላስማ መሐመድ ናቸው። የአንኮበርን ቅርስ ስንወርስ ይህንንም አብረን እንወርሳለን።

ማዕዱ

ስለ ምግቡ እናውራ። የአንኮበር ደጋ የገብስ አገር ነው። ገብሱ ቆሎ ይሆናል፣ ቂጣ ይሆናል፣ ጠላ ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ በሶ ይሆናል። «አበበ በሶ በላ» እያልን ሆሄ የቆጠርን ልጆች፣ አበበ ለምን በሶ እንደበላ ጠይቀን እናውቃለን? በሶ የመንገደኛና የወታደር ምግብ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ እሳት አያስፈልገውም፤ ውኃና ጨው ካለ ዘማቹ በጉዞ ላይ ሳለ በጥብጦ ይጠጣዋል፣ አሽቶ ይበላዋል። ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል። የሸዋ ጦር የሄደበትን ርቀት ስታስቡ ከጠመንጃው ጎን ስልቻውን አስቡት። ዛሬ ጂም ቤት በር ላይ ከምንገዛው የዱቄት መጠጥ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል!

የጾም ጊዜ ደግሞ ባቄላ ነው። ስልጆ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። አፍንጫን ሰንጥቆ ይወጣል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሸሽተነዋል፤ ካደግን በኋላ ግን በዓቢይ ጾም የምንፈልገው እሱን ነው። የሚያዘጋጁት እናቶች ቁጥር ግን በየዓመቱ ሲቀንስ እያየን ነው።

ከዚያ ግብሩ አለ። የቤተ መንግሥት ግብር እራት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ በሞሰብ ዙሪያ ሲቀመጥ ማለት ነው። ማን ከማን በፊት ይገባል፣ ማን የትኛውን ብልት ያገኛል፣ ማን ጠጅ ማን ጠላ ይጠጣል፤ ሁሉም በሥርዓት ነው። ጠጅ በዚያ ዘመን ለማንም እንደልብ የሚቀርብ መጠጥ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። ማሩ ከገባሪው ይመጣል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ በጭስ ይታጠናል። ለዚህ ሁሉ ጠጅ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ግምጃ ቤት እየተባለ በየክፍሉ የሚያገለግል ሰው አለ። ንጉሥ አንድ ነው፤ እሱን ንጉሥ የሚያደርገው ጓዳ ግን በመቶ የሚቆጠር እጅ አለው።

ምኒልክንም እዚህ ላይ እናስታውሳቸው። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ በሣህለ ሥላሴ ባለቤት በወይዘሮ በዛብሽ ቤት ያገለግሉ የነበሩ ሴት ናቸው። የአድዋው ንጉሠ ነገሥት የዙፋኑ ልጅ ብቻ አይደሉም፤ የጓዳውም ልጅ ናቸው።

ከተማ ሲሰደድ

በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ዓመት ሞቱ፤ ሕፃኑ ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1865 አምልጠው ተመለሱና የአባቶቻቸውን ከተማ ያዙ። በ1876 የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለ ቦታ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው፤ የቡድኑ መሪ አንቲኖሪ በ1882 ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

ምኒልክ ግን ዓይናቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ነበር። መንግሥቱ ሲሰፋ አንኮበር ጥግ ሆነችባቸው። መጀመሪያ ልቼ፣ ከዚያ እንጦጦ፣ በመጨረሻም በ1886 (1879 ዓ.ም.) ፍልውሃ አጠገብ አዲስ አበባ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ነበርና፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በበረሃው ሲንገላታ ቆይቶ በ1887 መጀመሪያ ላይ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ የሉም! ሒሳቡን ለመጨረስ እስከ እንጦጦ መውጣት ነበረበት። አንኮበር ከዙፋን ከተማነት መውረዷን ሻንጣውን ይዞ ካወቁት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

የቤተ መንግሥት ከተማ ሲሰደድ ንጉሡ ብቻ አይሄድም። ወጥ ቤቱ፣ ዘበኛው፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ባለሙያው ሁሉ ይከተላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ ሠፈር፣ ዘበኛ ሠፈር የሚባሉ ስሞች የቀሩን በከንቱ አይደለም። እነዚህ ሰዎች አዲስ አበባን ሲያቆሙ አንኮበር ባዶዋን ቀረች። ከዚያ በኋላ የባቡር ሐዲዱ በድሬዳዋ በኩል ሲመጣ የጨው መንገዱም ሥራ ፈታ። በሩ በር መሆኑ ቀረ።

የተሰደቡት እጆች

ወደ ሱፉ እንመለስ ብለን ነበር። የመንዝ በግ ሱፍ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። የሚወጣው ባና ነው፣ ዝተት ነው፣ እረኛና ባላገር ዝናብና ብርድ የሚያሳልፍበት በርኖስ ነው። ባና ከብዶ ይጫናችኋል እንጂ ብርድ አያስገባም። ዛሬ ገበያው ከውጭ በሚመጣ ለስላሳና ርካሽ ብርድ ልብስ ተሞልቷል፤ አንድ ባና ለመሥራት የሚፈጀውን ቀን ዋጋ አስልቶ የሚከፍል ገዢ ብርቅ ነው።

ሸክላው ደግሞ አለ። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ ታመጣለች፣ ከተፈጨ ገል ጋር ታቦካለች፣ ያለ ምንም መዘውር በእጇ እያዞረች ታነሳዋለች፣ ታለሰልሳለች፣ ታደርቃለች፣ ሜዳ ላይ በእሳት ታቃጥለዋለች። ጀበና፣ ድስት፣ እንስራ፣ ጋን፣ ምጣድ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ እሳቱ ላይ የሚሰነጠቀው የእሷ ኪሳራ ነው። ቀጥቃጩም በወናፉና በመዶሻው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን ያወጣል። ያለ ማረሻ ገብስ የለም፤ ያለ ጋን ጠጅ የለም፤ ያለ ጦር ንጉሥ የለም።

ታዲያ አገሩ ለእነዚህ ሰዎች ምን ከፈለ? ስድብ። «ቡዳ» ተባሉ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ፤ ብዙዎቹም መሬት አልነበራቸውም። በሰሜን ሸዋ ጥበበኞች እየተባሉ የሚታወቁት ማኅበረሰቦች በገዳማትና በገደል ሥር ተሸሽገው የኖሩት ለዚህ ነው። ምኒልክ አዲስ አበባን ሲሠሩ ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹን አስመጥተው ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ አሰፈሯቸው። በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ግድም ደግሞ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው፤ ሠራተኛውን እየሰደበ የሚሠለጥን አገር የለም። አዋጁ ታወጀ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ ኖረው። ዛሬም ቀጨኔ ተወልዶ ያደገ ወጣት ሠፈሩን ሲጠየቅ ሌላ ስም ሊጠራ ይችላል።

አሁን ኮንዶሚኒየማችሁ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳኑን አንሱና እዩት። ሽቦው ዘመናዊ ነው፣ ሶኬቱ ዘመናዊ ነው፤ እንጀራው የሚያርፍበት ግን ሸክላ ነው። በጎመን ዘር ተሟሽቶ፣ ጠቁሮና ለስልሶ፣ ዓይን ያለው እንጀራ የሚያወጣው የሸክላ ሠሪዋ ሙያ ነው። ኤሌክትሪኩ ቢመጣም እጇን መተካት አልቻለም። የአንኮበር ጓዳ ሙዚየም ውስጥ አይደለም፤ ማታ እራታችን የተጋገረበት ነው።

ዛሬስ?

የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የቀድሞውን ቤተ መንግሥት እንዲመስል ተደርጎ ሎጅ ተሠርቶ ነበር፤ ከአሮጌውም የግንቡ ቅሪት ይታያል። ከላይ ሆኖ ቆላውን ማየት ነፍስ ይመልሳል። በአቅራቢያው ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጥዱና ወይራው አሁንም ቆሟል። የወፍ ወዳጆች ደግሞ በ1970ዎቹ ለሳይንስ የታወቀችውንና የአንኮበርን ስም የያዘችውን ትንሽ ወፍ ፍለጋ ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጡ ነበር። ፈረንጅ ለአንዲት ወፍ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ፣ እኛ ለእናት ከተማችን አንድ የአውቶቡስ ትኬት ስናመነታ ኖረናል።

አሁን ደግሞ ማመንታቱ ምክንያት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋም ተጎድቷል፤ መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ ይዘጋል። ዝም ብላችሁ ተሳፈሩ ብለን አንመክራችሁም፤ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ። መንገድ ሲዘጋ ግን የሚቀረው ጎብኚ ብቻ አይደለም። ባናው ገዢ ያጣል፣ ጀበናው ገበያ አይደርስም፣ እናቷን ከጎኗ ሆና ትማር የነበረች ልጅ ሌላ ሥራ ፍለጋ ትሄዳለች። ግንብ ቢፈርስ ፎቶውንና ስዕሉን አይቶ መልሶ የሚሠራ ይገኝ ይሆናል። የአንዲት ሸክላ ሠሪ እጅ የሚያውቀውን ግን በፎቶ አይቶ መድገም አይቻልም።

እስከዚያው ከአዲስ አበባ ሳንወጣ የምንችለው ነገር አለ። ቀጨኔ ቅርብ ነው፤ ለአራት ሆነን ታክሲ ይዘን ሄደን ጀበናችንን ከሠሪዋ እጅ እንግዛ። ካፌ ገብተን ለአንድ ማኪያቶ ሳንከራከር የከፈልነውን ብር፣ ሦስት ቀን የፈጀ ድስት ላይ አንከራከር። አያቶቻችሁ ጋር ባና ካለ የት እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው ጠይቁና ጻፉት። ስልጆ የምታውቅ እናት ያላችሁ ዘንድሮ በጾም አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ መጠኑን ተማሩ። መንገዱ ሲከፈትና ሰላም ሲሆን ደግሞ፣ ላምበረት ረዳቱ ሲጣራ ብድግ ብለን እንሳፈራለን። የዚያን ቀን አንኮበር ስንደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ቤተ መንግሥቱ የት እንደነበረ ሳይሆን፣ ሸክላ ሠሪዎቹ የት እንደሚገኙ ይሁን።

ቸር ያሰንብተን!